ያሉት ይሁን

ቀራንዮ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አምሐ፣

እንደምን ከርመሃል? አባትህ አቶ የኔሰውስ እንዴት ሆኑልህ? የተሰበረ ዳሌ በዚያ ዕድሜ ቶሎ አይጠግንም፤ አትቸኩልባቸው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ዝናቡ ካባራ ወዲህ አርፎ ተቀምጧል፤ የሚቀሰቅሰው የመድኃኔዓለም ደረጃ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ለጠየቅኸኝ ልመልስ። አዎ፣ ዕጣህ አልተሰረዘም። በየወሩ መጀመሪያ የሥራ ዕጣ ስናወጣ ስምህን እጠራለሁ፤ አንድ ሰው ባንተ ፈንታ ያወጣና የደረሰህን ይሠራልሃል። በዚህ ወር የደረሰህ እጥበት ነው። ያወጣልህ ደመቀ ነበር። እስከ ክርኑ ባኞው ውስጥ ገብቶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲያጥብ፣ ይኼ ጸሐፊ ጎጃም ሆኖም ያሠራኛል እያለ ሲያማርር ዋለ። ጸሐፊነቱን ቤተልሄም ይዛልሃለች፤ ቃለ ጉባኤ አያያዟ ካንተ ይሻላል፣ ቢያንስ ጽሑፏ ይነበባል። ባለቤትህ ሳያትና ልጅህም ደህና ናቸው፤ እሑድ አይቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአስኮ ወዲያ የፕላስቲክ ፋብሪካ ያለው አንድ ኩባንያ ማኅበራችንን ጠይቆናል። ሰዎቹ በሁለት መኪና መጥተው ሼዱንም፣ መፍጫውንም፣ የውኃ ጉድጓዱንም ዞረው አዩ። የሚሉት ይህን ነው፦ ማኅበሩ ይፍረስ፤ ያለን ሁሉ ወደ እነሱ ይዙር፤ እኛ ደግሞ የወር ደመወዝ፣ የሥራ ልብስና የሕክምና ዋስትና ያለን ተቀጣሪዎች እንሁን። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱማ ጫማው እየተበላሸ ለአልማዜ ከረጢቷን አንሥቶ አሸክሟታል።

እኔ አይሆንም ብያለሁ። ከቆሻሻው ናዳ በኋላ ከቆሼ በጭንቅላታችን ከረጢት ተሸክመን የወጣን ሰዎች ነን። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ሼድ ውስጥ ማንም ማንንም አላባረረም። ሊቀመንበር ሆኜ ዕጣው ሲደርሰኝ የጉድጓዱን ዝቃጭ ዝቄአለሁ፣ ባኞው ላይ የዋለችው ሌሊሴ ደግሞ በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ሐሳቤን ጥላዋለች። ይህን የትም አላየሁም፣ የትም የማየው አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ኩባንያው ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው አይቀጥርም። እኔ ስድሳ ሦስት ሞልቶኛል። ከሠላሳችን ስድሳን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። በስብሰባው ላይ አላነሣውም፤ ለራሷ ነው የምትሟገተው እንዳይሉኝ።

ስብሰባው ኅዳር 28 ቀን ነው። ለማፍረስ ከሠላሳው ሃያ ሰው "ይሁን" ማለት አለበት። ድምፅህን ላክ። አንተው ያረቀቅኸውን ደንብ አትርሳ፤ በስልክ አይሆንም፣ በቃል አይሆንም፣ በገዛ እጅህ፣ በተለየ ወረቀት ላይ ነው። ለነገሩ ስልክስ ብትል እዚያ መንደር የት ታገኛለህ። ሹፌሩ ሀምዱ እህል ሊጭን ወደ ሞጣ ሲወጣ ይህን ያደርስልሃል፣ መልስህንም ይዞልኝ ይመጣል።

ወለተጻድቅ


ከሞጣ ማዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ወለተጻድቅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሀምዱ መኪናው ተበላሽቶበት ከሳምንት በኋላ ነው የደረሰው። አሁንም ከደጅ ሆኖ ጥሩምባውን እየነፋ ያስቸኩለኛል፤ የእጄ ጽሑፍ ቢበላሽ ጥፋቱ የእሱ ነው።

በሀምዱ በኩል በቃል ላስጠየቁኝ፤ የለም፣ እስከ ፋሲካ የምመለስ አይመስለኝም። አባቴን ከአልጋ የማነሣቸውም፣ የማስተኛቸውም እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ የላቸውም። የስልኩ ማማ ከተበላሸ ወራት ሆነው፤ ሊጠግን የመጣ ሰው አላየንም። ሬዲዮ አለን፣ እሱም ሲፈልግ ነው የሚናገረው።

የኩባንያውን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። ስለ ዕድሜዎ የነገሩኝንም ለማንም አልናገርም። ይህንን ግን ለምን በአደባባይ እንደማይናገሩት አልገባኝም። ማኅበሩን የመሠረቱት እርስዎ ነዎት። እኔን ከአስፋልት ዳር አንስተው፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን ብለው ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ቀን ዕጣው ባኞ ላይ ሲጥለኝ፣ ጸሐፊ ነኝ ብዬ ልከራከር ሲቃጣኝ ጓንት ያቀበሉኝን አልረሳውም። የያኔው እፍረት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ጥሩ እፍረት ነው።

ድምፄን በደንቡ መሠረት በተለየ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። ለእርስዎ "እደግፋለሁ" ብሎ መጻፍ ድፍረት መሰለኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው እርስዎን የምደግፍ? ስለዚህ ሁልጊዜ እንደምልዎት "ያሉት ይሁን፤ ድምፄ ከዚያ አይወጣም" ብዬ ፈርሜበታለሁ። ለቤተልሄም ይስጡልኝ።

ሳያትን አይዞሽ ይበሉልኝ። አክባሪ ልጅዎ፣

አምሐ የኔሰው


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አምሐ፣

አባትህ ትራስ ተደግፈው መቀመጥ መጀመራቸውን ሀምዱ ነግሮኝ ደስ አለኝ። እግራቸውን በቅባት እሽላቸው፤ ወደ ላይ ነው የሚታሸው፣ ወደ ታች አይደለም።

ወረቀትህ በሰዓቱ ደርሶኛል። በገዛ እጄ ለቤተልሄም ሰጥቻታለሁ።

ስብሰባው በሰላም ተጀመረ፣ በሰላም አለቀ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ያልተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሰባት ዓመት አፏን ከፍታ የማታውቀው አልማዜ እንኳ ተናግራለች። ከዚያ በኋላ ሻይ ተጠጣ። ቃለ ጉባኤው በአራት ገጽ ተጽፏል።

የአልማዜ ትልቋ ልጅ ተመርቃለች። ነርስ ሆናለች። ድግሱ ጥሩ ነበር፣ ድንኳኑ ብቻ ከጎረቤቱ አጥር ጋር ተጣልቶ ግማሹ መንገድ ላይ ዋለ። ብርዱ ዘንድሮ ከብዷል። የመንገዱ ቁፋሮ እኛ በር ድረስ ደርሶ ቆሟል፤ አሁን በጣውላ ላይ ተሻግረን ነው የምንገባው። ለኔ ጉልበት ጥሩ አይደለም።

ስለ ዕጣህ አትጨነቅ። በዚህ ወር ዕጣ አልወጣም።

ሳያት ሁለት ጊዜ መጥታ ጠየቀችኝ፣ አላገኘችኝም። ቤት ነበርኩ፣ በሩን ሳልሰማ ቀርቼ ነው። ይቅርታ በልልኝ። ሀምዱ ስለሚቸኩል እዚህ ላይ ላብቃ።

ወለተጻድቅ


ከሞጣ ማዶ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያደርስዎ። አባቴም በእኔ በኩል እጅ ይነሳሉ፤ እንዳሉት ወደ ላይ ነው የማሸው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አልማዜ ልጅ አለበት፣ ስለ ድንኳኑ አለበት፣ ስለ ጣውላውም አለበት። ውጤቱን ግን ፈልጌ አጣሁት። ሰባት ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ውሳኔ የሌለው ቃለ ጉባኤ አላውቅም። ቀልዴን ነው፣ ግን ደግሞ ቀልዴን አይደለም።

ሀምዱን ጠየቅኩት። መጀመሪያ እኔ ሹፌር ነኝ፣ ስብሰባ አልገባም አለኝ። እህሉን አስሮ ሲጨርስ ግን በሩ ላይ ያለው የማኅበሩ ስም በነጭ ቀለም መሸፈኑን ነገረኝ። ማን እንደቀባው አያውቅም። ለምን እንደተቀባ አልጠየቀም።

ዕጣስ ለምን አልወጣም? ዕጣ ሳይወጣ የቀረበት ወር የለም። ውኃ በጠፋ ጊዜ እንኳ ለሌለ ሥራ ዕጣ አውጥተን ሥራ ፈት ውለናል፤ ያስታውሱታል።

ተሸንፈን ከሆነ ይንገሩኝ። ሳላውቅ መቀመጡ ይብሳል። እዚህ በአባቴ ምክንያት ቀንና ሌሊቱን መለየት አቅቶኛል፣ ሲያቃስቱ እነቃለሁ፣ ሲያርፉ ደግሞ ስለ እናንተ አስባለሁ። ምንም ላደርግልዎ እንደማልችል አውቃለሁ። ቢሆንም አብሬ ልወቀው።

አክባሪ ልጅዎ አምሐ


ቀራንዮ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምሐ ልጄ፣

ይቅር በለኝ። ደብቄህ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ደብቄሃለሁ።

ማኅበሩ ፈርሷል። ከጥር አንድ ቀን ጀምሮ ሼዱ የኩባንያው ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ስብሰባው ላይ ሁሉም ሰው በተራው ተናገረ። እኔም ተናገርኩ፣ የዕድሜዬን ነገር ግን አላነሣሁም። ብዙዎቹ ስለ ሕክምናው ነው ያወሩት። አልማዜ ኩላሊቷን አነሣች። ሌሎቹ በየሳምንቱ መሰብሰብ ታክቷቸዋል፤ መፍጫው ሲበላሽ ሁሉም ሰው መካኒክ ለመሆን የሚያደርገው ክርክር ታክቷቸዋል። ከሁሉ አንጀቴ ውስጥ የቀረው የደመቀ ነገር ነው። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። "እማማ፣ እኔ ባለቤት መሆን ሰልችቶኛል። ሠራተኛ ሆኜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው" አለ። እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያው ይሰማኛል።

"ይሁን" የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። አሥራ ዘጠኝ እጅ ወጣ። አልማዜ እጇን ስታወጣ እኔን ላለማየት ጣራውን ታይ ነበር። "አይሁን" የሚል ተባለ። አሥር ሆንን። አንድ እጅ አነሳቸው ማለት ነው። እኔ ተርፈናል ብዬ ተነፈስኩ፤ ያንተ ወረቀት ገና እንደሚነበብ ባውቅም ፍርሃት አልነበረኝም።

ቤተልሄም ወረቀትህን ገልጣ አነበበች። "ያሉት ይሁን፤ ድምፄ ከዚያ አይወጣም። አምሐ የኔሰው።"

ከዚያ ደመቀ "ይሁን ይላል" አለ። ሌላውም ከኋላ፣ አባላቱ ያሉት ይሁን ማለቱ ነው፣ አምሐ ሁልጊዜ ከብዙኃኑ አይወጣም አለ። በክፋት አይደለም። ወረቀቱ ላይ የኔ ስም የለም። "ያሉት" ይላል እንጂ ማን እንዳለው አይልም። እኔን በማክበር የጻፍከው ቃል ለእነሱም ይሆናል፤ እኔም "ያሉት" ነኝ፣ እነሱም "ያሉት" ናቸው። ሃያ ሞላ።

ወረቀትህን እኔም ቀድሜ አንብቤዋለሁ ልጄ። ሀምዱ እንደሰጠኝ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ነው ያነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። "ያሉት" የሚለውን ሳይ ራሴ ብቻ ነው የታየኝ። ሌላ ሰው ሊታየው እንደሚችል ለአንድ አፍታ እንኳ አልመጣልኝም። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻህ አትውሰደው።

ለዚህ ነበር በሩን ለሳያት ያልከፈትኩት። ምን ብዬ ልንገራት?

ወለተጻድቅ


ሞጣ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናቴ፣

ይህን የምጽፈው ሞጣ ከሀምዱ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። አባቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ አምስት ሰዓት በእግሬ መጣሁ። ስልክ እዚህ ይሠራል። ለእርስዎ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ለደመቀ ደወልኩ፣ አላነሣም። ሳያት አነሣች። እሷም ታለቅሳለች እንጂ የሚጨበጥ ነገር አልነገረችኝም።

አፍሬያለሁ። ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። የሌሊሴ ባል ስለ እሷ ሆኖ ደውሎ "ተስማምታለች" ባለ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ብዬ "ወረቀቱ እንደተጻፈ ይነበባል፤ የሚተረጉመው የለም" የምትለዋን አንቀጽ የጨመርኩ እኔ ነኝ። ኮርቼባትም ነበር። "ይሁን" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ በዚያ ሼድ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚያስቆጥር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ "አይሁን" ብዬ መጻፍ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል። ለእርስዎ "አይሁን" የምትል ደረቅ ወረቀት መላክ ነውር መሰለኝ። ይኸው ነው ምክንያቴ። ሌላ የለኝም።

ሁለት ነገር ልኬአለሁ። አንዱ አዲስ ድምፅ ነው፤ "ማኅበሩ ይፍረስ ለሚለው መልሴ አይሁን ነው" ይላል፣ ሙሉ ስሜና ቀኑ አለበት። ሁለተኛው ለክፍለ ከተማው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የጻፍኩት አቤቱታ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ለማን እንደተጻፈና ምን ማለት እንደሆነ አስረድቻለሁ። ከዚያ ወረቀት ጋር የላክሁልዎ ደብዳቤ በእጅዎ ካለ አያይዘው ያቅርቡት፤ እዚያ ላይ ግልጽ ነው።

ድጋሚ ስብሰባ ይጥሩ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሃያ አይደሉም። እኔን ከቁጥር ቢያስወጡኝ እንኳ አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሊገባኝ አልቻለም። ሃያ ዘጠኝ ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔን ሰባት ዓመት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እንዴት አንድ ሰው ተነስቶ "ማን ያለው?" ብሎ አይጠይቅም? አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

አምሐ


ቀራንዮ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምሐ ልጄ፣

የላክኸው ሁሉ ደርሶኛል። ስልኬን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ እንዳትደውል ብዬ ነው። አሁን ከፍቼዋለሁ፣ አንተ ግን ወደ መንደርህ ተመልሰሃል።

አቤቱታህን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤህንም አያያዝኩ። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሁሉንም ቀስ ብሎ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ገብቶኛል እማማ፣ ነገሩ እንደሚሉት ይሆናል አለ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አወጣና የመጨረሻውን ገጽ አሳየኝ። ውሳኔው በደንቡ መሠረት ነው ይላል፤ ከሥሩ የሊቀመንበሯ ፊርማ አለ። የኔ ፊርማ ነው። እሱ ምንም ማድረግ አይችልም፤ እኔም በቦታው ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩህን ልንገርህ። አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል አልክ። አልጠፋም። ቤተልሄም ጠይቃለች።

ደመቀ "ይሁን ይላል" ካለ በኋላ ወረቀቱን እንደያዘች ወደኔ ዞረች። "ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ይኼ ያሉት የሚለው እርስዎን ነው?" አለችኝ። ሁሉም ሰው ወደኔ ዞረ። አልማዜ እንኳ ከጣራው ዓይኗን አውርዳ አየችኝ። አዎ፣ እኔን ነው፣ ብል ብዙዎቹ ያምኑኝ ነበር። ደመቀም ያምነኝ ነበር። ደብዳቤህ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እኔ ግን "እንደተጻፈ ይነበብ" አልኩ።

ለምን ትለኛለህ። ራሴን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። አንዱ ልቤ፣ ደንቡ ነው ይላል። እዚያ ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ስለማንም ሆኖ አይናገርም እያልኩ የለፈለፍኩ እኔ ነኝ። የሌሊሴን ባል የስልክ ድምፅ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ነገሩ ለኔ በሚያደላበት ቀን ተነስቼ "አምሐ እንዲህ ማለቱ ነው" ብል፣ ማኅበሩ ያን ጊዜውኑ ፈርሶ የለ? ስሙ በበሩ ላይ ይቀር ነበር፣ ሌላው ነገር ግን ይሄድ ነበር። ሌላው ልቤ ደግሞ ያፈረ ነው። በሃያ ዘጠኝ ሰው ፊት ተነስቼ፣ ያ የአክብሮት ቃል ለኔ ነው፣ የምከበረው እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። የትኛው ልቤ እንደሆነ የመለሰው እስካሁን አላውቅም። ሁለቱም ይሆናሉ። ከዚያ ደግሞ እጃቸውን ያወጡትን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አየኋቸው። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው እጅ ማውጣት። በአንዲት ቃል ትርጉም ይዤ ላስቀራቸው? መውጣት የሚፈልግን ሰው የማኅበር ባለቤት ነህ ብሎ አስገድዶ ማቆየት ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን ሌሊት እነሣና "እኔን ነው" እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ለማንም አይሰማም።

ኩባንያው ደህና ነው። የሥራ ልብሱ ሰማያዊ ነው፣ ለሁሉም በልክ ተሰፍቷል። ዕጣ የለም፤ አጣቢ ያጥባል፣ ፈጪ ይፈጫል። ደመቀ መፍጫው ላይ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፣ ሳገኘው ቆሞ ይጨብጠኛል። ሌሊሴ እጥበት ላይ ቀረች፤ ከዚያ የሚያወጣት ዕጣ አይኖርም። አልማዜ ሐኪም ቤት ሄዳ በነፃ ታክማለች፣ ይኼ መልካም ነገር ነው፣ ልክደው አልችልም። እኔን በዕድሜዬ ምክንያት እንደማይቀጥሩኝ ሲሰሙ ግን ብዙዎቹ አለቀሱ። አናውቅም ነበር አሉ። ቤተልሄም ለምን አልነገርሽንም ብላ ተቆጣችኝ፤ ደንግጣ "አንቺ" አለችኝ፣ ከዚያ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀች። ጋቢ ገዝተው ሰጡኝ። ጥሩ ጋቢ ነው።

እንደገና ጀምሪ የሚሉኝ አሉ። ቆሼ በር ላይ ያሉት ወጣት ሴቶች ይሰበሰቡልሻል ይላሉ። ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ጉልበት የለኝም ልጄ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለውን ነገር ለሰው ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አውቀዋለሁ፣ ያን ያህል ዓመት የለኝም። ቀን ቀን ቤት እቀመጣለሁ። ቤቴ በቀን ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁት።

አዲሱን የድምፅ ወረቀትህን የምሰጠው ሰው አጣሁ። ጸሐፊም የለም፣ ማኅበርም የለም።

የመጨረሻው ነገር ይኼ ነው፣ ደብዳቤው የተጻፈውም ለዚህ ነው። ኩባንያው ጸሐፊ ይፈልጋል። የድሮውን መዝገብ የሚያውቅ ሰው ስለሚሹ ያንተን ቦታ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይዘውልሃል። ሳያት ይህን ልትነግረኝ መጥታ ሁለት ሰዓት ስለ ሌላ ሌላ ነገር ስታወራ ቆየች። በመጨረሻ አልችል ብላ፣ አምሐ እርስዎን ሳይጠይቅ አይገባም፣ እኔ ደግሞ እርስዎን እንዴት ብዬ ልለምን አለችኝ። ልጁ እንዳትራብ ነው የምትፈራው፣ እውነቷን ነው።

ግባ። እኔ ነኝ የምልህ። ይሉኝታህን እዚያው ጎጃም ተወው። ሰማያዊውን ልብስ ልበስና ግባ።

ወለተጻድቅ


ከሞጣ ማዶ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ በሁለት ምርኩዝ እስከ በሩ መድረስ ችለዋል። አክስቴ ልጇን ይዛ ልታግዛቸው መጥታለች። ቅዳሜ ከሀምዱ ጋር እመጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሦስቱንም ጊዜ "ለተከበሩ" ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ አጻጻፍ ሌላ ቃል ላንቺ ልጽፍ ፈራሁ። የወለደችኝን እናቴን በሕይወት ሳለች "አንቺ" ነበር የምላት፤ እርሷም እኔም ተሳስተን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንቺ ብዬሻለሁ። ተቆጪኝ፣ ከተቆጣሽም ግድ የለም፤ ብቻ ለማን እንደጻፍኩ ማንም እንዳይጠራጠር።

ቤተልሄም ስትጠይቅሽ የመለስሽውን አነበብኩ። ልበሳጭብሽ ፈልጌ አልሆነልኝም። እኔም በቦታሽ ብሆን ያንኑ የምል ይመስለኛል፣ ያንኑ ብዬም እንደ አንቺ ሌሊት እየተነሣሁ እጮህ ነበር። ልረዳሽ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ላንቺ ብዬ ከማድረጌ በፊት ሁሉ ነገር አልቆ ነው የሚጠብቀኝ።

ወደምትቀመጪበት ቤት ቀን ቀን እንዳልመጣ ሥራ ይይዘኛል። ማታ ማታ ግን እመጣለሁ፣ በሩን ክፈቺልኝ።

ስለ ሥራው፤ አንቺ ያልሽው ይሁን።

ልጅሽ አምሐ